ለኢንሹራንስ ኩባንያ የሚዋጣ መዋጮ

ባለፈው ዓመት እኔና ዘመዶቼ ለአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ገንዘብ አዋጣን። ያኔ ለእናቴ የምናዋጣ ነበር የመሰለን። ሂሳቡን ቆይቼ ሳስበው ግን ገንዘቡ የተረፈው ለእሱ ነው።

እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አረጋውያንን ትንከባከባለች። አንድ ሌሊት ደረቷን ወጋትና ድንገተኛ ክፍል ገባች። አስተኝተው ሲመረምሯት አደሩ፤ ልቧ ደህና ነው ተባለ፤ እግዜርን አመስግነን ወደ ቤት ወሰድናት። ከሳምንታት በኋላ ሁለት ፖስታ መጣ። የኢንሹራንሷ ደብዳቤ ሆስፒታል ማደሯን "በሕክምና አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም" ይላል። የሆስፒታሉ ደግሞ 11,000 ዶላር ይጠይቃል። እናቴ ሁለቱንም አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። በኋላ ስንጠይቃት "እናንተም የራሳችሁ ጣጣ አለባችሁ፣ ምን ላስጨንቃችሁ" አለች።

እኛ የሰማነው ዕዳ ሰብሳቢው መደወል ሲጀምር ነው። አጎቴ የዘመድ ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ጻፈ፤ በሦስት ቀን ገንዘቡ ሞላ። ከፈልን። ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤውን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል "በ180 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላሉ" ይላል። ቆጠርኩ። 189ኛው ቀን ላይ ነበርን።

አሁን ክርክሬን ልናገር፦ በክርክር ላይ ያለ የሕክምና ሂሳብ ገና ያልለየለት ሂሳብ ነው። እኛ ግን ፖስታው በር ላይ እንደወደቀ ዕዳ አድርገን እንቀበለዋለን። ግማሻችን አፍረን እንደብቀዋለን፣ ግማሻችን አፍረን እንከፍለዋለን። ሁለቱም ለኩባንያው አንድ ነው፦ ማንም "ለምን?" አላለውም።

"ኧረ ባክህ፣ በሰው አገር ምን ክርክር ያስፈልጋል" ይለኛል አጎቴ። "ስማችን ይጠፋል።" ደግ ሰው ነው፤ ከሁላችንም በላይ ያዋጣው እሱ ነው። ግን አጎቴ ራሱ የእድር አባል ነው። እስቲ አስቡት፦ ስንት ዓመት ሳያጓድል ከፍሏል፣ ቤቱ ሐዘን ገባ፣ የእድሩ ዳኛ መጥቶ "ተሰብስበን መከርን፣ ይህ ሞት አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም" ቢለው አመስግኖ ይሸኘዋል? አካባቢው በጩኸት ይናወጣል እንጂ! ኢንሹራንስ ማለት እኮ በእንግሊዝኛ የተጻፈ እድር ነው። የእናቴ ድርሻ በየሁለት ሳምንቱ ከቼኳ ላይ ይቆረጣል። ልመና አይደለም፣ ከፍላበታለች።

ኩባንያዎቹ ዝምታችንን ያውቁታል። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ ጥናት ድርጅት የፌዴራሉን የኢንሹራንስ ገበያ የ2023 መረጃ ሲመረምር፣ በኔትወርክ ውስጥ ከቀረቡት ክሌሞች 19 በመቶው ውድቅ ተደርገዋል። ይግባኝ የተባለባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም። ይግባኝ ከተባለባቸው ውስጥ ደግሞ ኩባንያዎቹ 56 በመቶውን ብቻ ነው ያጸኑት። እንግዲህ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ከመቶው አርባ ምናምኑን ያስቀይራል ማለት ነው። የትኛው ሎተሪ ነው እንዲህ የሚሰጠው?

"ይግባኙ እስኪታይ ሆስፒታሉስ?" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ይግባኝ ብቻውን ሂሳቡን አያስቆምም። መደወል አለባችሁ። ለሆስፒታሉ የሂሳብ ክፍል "ክሌሙ በይግባኝ ላይ ነው፣ ሂሳቡን አቆዩልን" በሉ፤ ከተስማሙ በጽሑፍ ይስጧችሁ። የደወላችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም መዝግቡ። ሂሳቡን በዝርዝር ጠይቁ፣ ያልተሰጠ አገልግሎት ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልተቋቋመ ከሆነ የፌዴራሉ ሕግ የገንዘብ እርዳታ መመሪያ እንዲኖረው ያስገድደዋል፤ ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከ ጀምሮ እስከ 240 ቀን ማመልከት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ደግሞ ፍርድ ቤት ሊያቆማችሁ አይችልም። ክሬዲታችሁም ዛሬውኑ አይበላሽም፤ ትልልቆቹ ሦስት የክሬዲት ድርጅቶች ዓመት ያልሞላውንና ከ500 ዶላር በታች የሆነውን የሕክምና ዕዳ ከመዝገባቸው አውጥተዋል። ዕዳ ሰብሳቢ ከጻፈላችሁ ማስታወቂያው በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተቃወሙ፤ ዕዳውን እስኪያረጋግጥ ማሳደዱን ያቆማል።

ይግባኙ ራሱ አስማት አይደለም። ውድቅ የተደረገበትን ምክንያት ጥቀሱ፣ ሐኪሙ "በዚህ ምክንያት አስተኝቻታለሁ" ብሎ እንዲጽፍ ለምኑት፣ ከሕክምና ማኅደሩ ጋር አያይዛችሁ በአደራ ደብዳቤ ላኩ። ለተሰጠ ሕክምና አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች በ60 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። አሁንም እምቢ ካሉ በአራት ወር ውስጥ ከኩባንያው ውጪ የሆነ ገለልተኛ አካል እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። የእሱን ውሳኔ ኩባንያው ወደደም ጠላም ይቀበላል። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የራሳቸው የቀን ገደብ ስላላቸው ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን እዩ።

አውቃለሁ፣ ይህ ሁሉ ለታመመ ሰው ይከብዳል። ሁለት ቀን ደብል ሠርታ የገባች ሴት ስልክ ላይ ሙዚቃ እየሰማች አርባ ደቂቃ ልትጠብቅ? ነውሩ የእሷ አይደለም። ሆስፒታሉና ኢንሹራንሱ ሳይስማሙ ሲቀሩ በሽተኛዋን መሀል አስገብቶ የሚያስከፍል ሥርዓት ነው ነውረኛው። ሕጉ ራሱ እስኪቀየር መጮህ አለብን። እስከዚያ ግን ጊዜ ያለን፣ እንግሊዝኛውን የምናነብ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የምንውል እኛ ነን። ለዘፈን ክርክር ሦስት ሰዓት ኮሜንት የሚጽፍ ትውልድ አንድ ገጽ ይግባኝ መጻፍ አያቅተውም።

መዋጮ ይቅር አላልኩም። መዋጮ ደማችን ነው፣ ይግባኙ አልቆ ዕዳው ከጸና እኔም አዋጣለሁ። ግን ተራውን እንወቅ። ግሩፑ ላይ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት "ስንት እናዋጣ?" ሳይሆን "ደብዳቤው የት ነው? ቀኑ ስንት ነው?" የሚል ነው።

እናቴ አሁንም ፖስታ ስትቀበል መጀመሪያ እጇ የሚሄደው ወደ መሳቢያው ነው። እኔም እሁድ እሁድ ስሄድ ከምሳ በፊት መሳቢያውን እከፍታለሁ። የእናታችሁን መሳቢያ መቼ ነው ያያችሁት?