የአሮጌ ሌንስ ዋጋ በስሙ ሳይሆን በመስተዋቱ ይመረመራል

በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ከአባት ወደ ልጅ ከሚተላለፈው ዕቃ አንዱ አሮጌ የፎቶግራፍ ካሜራ ነው። ባለቤቱ የዕቃውን ጠባይ ለቤተ ሰቡ ሳያስታውቅ የሞተ እንደ ሆነ ግን፥ ወራሾቹ ወይ በከንቱ ዋጋ ይሸጡታል፥ ወይም ያልሆነውን ትልቅ ሀብት መስሏቸው ይጣሉበታል። ሌንስ መሰብሰብ የሚወድም ሰው በበኩሉ የተቀረጸውን ስም ብቻ እየተመለከተ ለልጆቹ ትምህርት የሚሆነውን ገንዘብ ሲያጠፋ ይገኛል። ስለዚህ ሌንስን ለይቶ ማወቅ ለሰብሳቢውም ለቤተ ሰቡም የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ በዛሬው ጽሑፋችን ዋናውን ነገር ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጽ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬንጅፋይንደር የሚባለው ካሜራ ርቀት መለኪያ ያለው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው በመመልከቻው ሲያይ የአንድ ነገር ምስል ሁለት ሆኖ ይታየዋል፤ ሌንሱን ባዞረው ጊዜ ሁለቱ ምስሎች እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ አንድ በሆኑም ጊዜ ያ ነገር ጥርት ብሎ ይነሣል። ኦስካር ባርናክ የሠራው ሊይካ በ1925 በላይፕሲክ ትርኢት ለሕዝብ ቀረበ፤ ርቀት መለኪያው ከሌንሱ ጋራ ተያይዞ የሚሠራበት ሁለተኛው ሊይካ ግን በ1932 ወጣ። በዚያው ዓመት ዛይስ ኢኮን የተባለው ኩባንያ ኮንታክስ የተባለውን ካሜራ አውጥቶ ይፎካከረው ጀመር። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው ብዙዎቹ ሌንሶች ከዚህ ፉክክር የተወለዱ ናቸው።

ሌንስ ከውጭ ሲያዩት አንድ መስተዋት ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙ መስተዋቶች በሥርዓት የተደረደሩበት ነው። አንድ መስተዋት ብቻውን ቀለማትን ይበታትናል፥ የምስሉንም ዳር ያደበዝዛል፤ ስለዚህ የአንዱን ጉድለት ሌላው እንዲያርመው ሆኖ ይሠራል። የእንግሊዝ አገር ሰው ዴኒስ ቴይለር በ1893 ይህን እርማት በሦስት መስተዋቶች ብቻ ለመፈጸም እንደሚቻል አሳየ፤ ሌንሱም ኩክ ትሪፕሌት ተባለ። በ1902 በጀርመን አገር በየና ከተማ በዛይስ ቤት ይሠራ የነበረው ፓውል ሩዶልፍ አራት መስተዋቶች ያሉትን ቴሳር አወጣ፤ በኋላ በኩል ያሉት ሁለቱ በሙጫ የተጣበቁ ናቸው። ማክስ ቤሬክ ለሊይካ ያዘጋጀው ባለ 50 ሚሊሜትሩ ኤልማርም አደራደሩ ይህንኑ ይመስላል።

ኤልማር ግን 3.5 የተባለ የብርሃን መግቢያ ነበረው፤ ይህ ቍጥር ባነሰ መጠን መግቢያው የሰፋ ነውና፥ በማታና በቤት ውስጥ ለማንሣት ከዚህ የሰፋ ያስፈልግ ነበር። ሩዶልፍ አስቀድሞ በ1896 ስድስት መስተዋቶች ያሉትን ፕላናር ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ነፋስ የሚነካቸው ስምንት የመስተዋት ገጾች ስለ ነበሩትና እያንዳንዱም ገጽ ከመቶ 4 ያህሉን ብርሃን ወደ ኋላ ስለሚመልስ፥ ምስሉ ጉም የለበሰ ይመስል ነበር። ሉድቪግ ቤርቴሌ ይህን ችግር በብልሃት አለፈው፤ ለኮንታክስ በሠራው ሶናር ስድስት ወይም ሰባት መስተዋቶችን በሦስት ክፍል አጣብቆ፥ ነፋስ የሚነካቸውን ገጾች ስድስት ብቻ አደረጋቸው። በዚህም መግቢያውን እስከ 1.5 ድረስ አሰፋው። በ1935 ግን የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ መስተዋቱን በቀጭን ቅብ ሸፍኖ የሚመለሰውን ብርሃን የሚቀንስበትን ዘዴ አገኘ፤ ከዚህ በኋላ የፕላናር ዐይነቱ አደራደር እንደ ገና ክብር አገኘና በ1953 የወጣው የላይትስ ሱሚክሮን የዚህ ወገን ሆነ።

እንግዲህ ይህን የዘር ሐረግ ያወቀ ሰው በስም አይታለልም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በሌንስ ገበያ ግን ስም ብቻውን በቂ ምስክር አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች የኮንታክስን መሥሪያ መሣሪያ ወስደው ኪየቭ የተባለውን ካሜራ ሠሩ፤ ጁፒተር 3 እና ጁፒተር 8 የተባሉት ሌንሶችም የሶናርን አደራደር የተከተሉ ናቸው። የሶናርን የምስል ጠባይ የሚወድ ሰው ደኅና ጁፒተር መርጦ ቢገዛ ፍላጎቱን በአነስተኛ ወጪ ይፈጽማል። የጃፓኑ ኒኮርም መጀመሪያ በብዙዎች ዘንድ የተናቀ ነበር፤ በ1950 የላይፍ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንከን በቶኪዮ ፈትኖት በኮሪያ ጦርነት ከተጠቀመበት በኋላ ግን የውጭው ዓለም አወቀው።

ደግሞ በተቃራኒው፥ ፌድና ዞርኪ የተባሉት የሶቪየት ካሜራዎች የሊይካ ስም ተቀርጾባቸው፥ ሌንሳቸውም ኤልማር ተብሎ ይሸጣል። ይህን ለመለየት ብርሃን መግቢያውን የሚያጠቡትን ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች መመልከት ነው። በእውነተኛው ባለ 50 ሚሊሜትር ኤልማር ቅጠሎቹ ከፊተኛው መስተዋት ቀጥሎ ይገኛሉ፤ በሶቪየቱ ኢንዱስታር ግን ከሁለተኛው መስተዋት በኋላ ናቸው። ስሙን መፋቅና እንደ ገና መቅረጽ ቀላል ነው፤ የቅጠሎቹን ቦታ መለወጥ ግን ቀላል አይደለም።

ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ አስቀድሞ ሌንሱን እንደ ዳኛ ይመርምር። ቅጠሎቹን እስከ መጨረሻው ከፍቶ በኋላ በኩል ባትሪ ያብራበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ቢታየው ሻጋታ ነው፤ ቅቡንና መስተዋቱን በልቶ እንደ ሆነ ቢጠረግም ምልክቱ አይጠፋም። ጉም የመሰለ ነገር ከሆነ ብዙ ጊዜ ከዘይት ትነት የመጣ ስለ ሆነ ባለሙያ ሊያጠራው ይችል ይሆናል። በዳሩ በኩል ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ከታየ መስተዋቶቹ የተጣበቁበት የካናዳ በልሳም መልቀቅ ጀምሮአልና፥ ማደሻው ብዙ ወጪ ይጠይቃል። በ1933 የወጣው የላይትስ ሱማር የፊተኛው መስተዋቱ ለስላሳ ስለ ሆነ በቶሎ ይጫራል፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ምርመራው ይጥበቅ። አንድ ሁለት ጭረት ግን ምስልን እምብዛም ስለማይጐዳ፥ ለዋጋ መከራከሪያ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሁን።

ከተገዛም በኋላ ጥበቃ ያስፈልገዋል። በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ መልካም አይደለም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና ሻጋታን ያራባል። በተለይ በክረምት ወራት እርጥበት ከሚስብ ሲሊካ ጋራ በደረቅ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም አውጥቶ ይሥራበት።

በእኛ አስተያየት አስተዋይ ሰብሳቢ ማለት ሃያ ሌንስ ደርድሮ ለእንግዳ የሚያሳይ አይደለም። ከአራት መስተዋቱ ወገን አንድ፥ ከሶናር ወገን አንድ፥ ከፕላናርም ወገን አንድ መርጦ፥ የሦስቱን ልዩነት በልጆቹና በሽማግሌዎች ወላጆቹ ፊት ላይ የሚያጠና ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሌንሱን ሲሰበስብ የቤተ ሰቡንም መልክ አብሮ ይሰበስባል። የእያንዳንዱን ሌንስ ስም፥ ቍጥር፥ የተገዛበትን ዋጋና ያለበትን ጉድለት በአንድ ወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋራ ያኑር። ይህች ወረቀት ባለቤቱ በሌለ ጊዜ ለሚስቱና ለልጆቹ ትመሰክርላቸዋለች፤ የሚሸጡትም እንደ ሆነ በትክክለኛ ዋጋው ይሸጡታል፥ የሚያስቀሩትም እንደ ሆነ ምን እንዳስቀሩ ያውቃሉ።