ቁም ጸሐፊውና መመሪያው

ከባሕር ዳር በጀልባ ጥቂት እንደ ተጓዙ የሚደረስበት የክብራን ገብርኤል ገዳም፣ በ15ኛው መቶ ዓመት በብራና የተጻፈ ወንጌል አለው። ቁም ጸሐፊው ብዕር ከማንሳቱ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምር፣ ዓምዱን ይለይ ነበር። የገጹ ሕግ ከፊደሉ ጠባይ የተወለደ ነው።

በዚሁ ሐይቅ ዳር በአማርኛ የተጻፈ ጥናት እንድገመግም ተሰጥቶኝ ነበር። የተያያዘው መመሪያ «ታይምስ ኒው ሮማን፣ መጠን 12» ይላል። ይህ ፎንት እ.ኤ.አ. በ1932 ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ የዋለ ነው፤ ከሀ እስከ ፐ ከፊደላችን አንዱም የለበትም! ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሳይጠይቅ ሌላ ቅርጽ ይተካል። ተማሪው ትእዛዝ የፈጸመ ይመስለዋል፤ የገጹን መልክ ግን የመረጠ ሰው የለም።

«ዋናው ሐሳቡ ነው፤ መልክ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ፊደላችን በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ በየራሳቸው ስልት ይደለድሉ ስለ ነበር፣ የዚያ ዘመን ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። መልኩ ሲጠፋ ሐሳቡም አብሮ ጠፋ ማለት አይደለምን?

እንግዲህ የአማርኛ ጥናት መመሪያ ፊደላችንን የያዘ ፎንት በስም ይጥራ፤ የመስመሩን ርቀት በፊደላችን ቁመት ይለካ፤ ፎንቱም ከሰነዱ ጋር አብሮ ይቀመጥ። ቁም ጸሐፊው በወስፌ የሠራውን ሥራ ምሁሩ በኮምፒዩተር ሊያቅተው አይገባም።