አያ ጅቦ ለምን ቶሮንቶ አልገባም?

ኅዳር በመጣ ቁጥር፣ የቶሮንቶው የሳንታ ክላውስ ሰልፍ ሊወጣ ሲል፣ በሐበሻ ወላጆች መካከል አንድ የቆየ ሙግት ይታደሳል። አንዱ ወገን «ልጆቻችንን ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ወሰደብን» ይላል። ሌላው «ተዋቸው፣ ልጆች ናቸው» ብሎ ያልፋል። ልጁ የሚጠይቀውን ግን ሁለቱም አልሰሙትም። የስድስት ዓመት ልጅ የፈረንጁ ገና ይበልጣል ወይስ የእኛ ብሎ አይጨነቅም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው «ይተዋወቃሉ ወይ?» የሚለውን ነው።

ጥያቄው የሞኝ አይደለም። የቶሮንቶ ልጅ የሚያድገው የበዓል ገጸ ባሕርያት ሁሉ ጎረቤታሞች በሆኑበት ዓለም ውስጥ ነው። አፍንጫው ቀይ የሆነው አጋዘን ሩዶልፍ የተወለደው በ1939 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ አንድ ትልቅ መደብር ለደንበኞቹ ልጆች በነፃ ባደለው መጽሐፍ ነው። የበረዶው ሰው ፍሮስቲ ከ1950 ዘፈን የመጣ ነው። ምንም ዝምድና አልነበራቸውም። በ1979 ግን አንድ ፊልም ሁለቱን አገናኛቸው፤ በ2012 ደግሞ ሌላ ፊልም ሳንታን ከፋሲካው ጥንቸል ጋር አሰልፎ አዘመታቸው። ቶሮንቶም ለዚህ ዓለም ባዳ አይደለችም፤ በ1964 የታየው የሩዶልፍ ፊልም አሻንጉሊቶቹ የተንቀሳቀሱት ጃፓን ውስጥ ቢሆንም አብዛኛው ድምፅ የተቀዳው እዚሁ ቶሮንቶ ነው።

«ይህ ሁሉ የነጋዴ ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ሰልፉንም በ1905 የጀመረው ኢተን የተባለው የቶሮንቶ መደብር ነበር። ይሁንና የነጋዴ ጥቅም ፊልሙ ለምን እንደተሠራ እንጂ ልጁ ለምን እንደወደደው አይነግረንም። ልጅ የሚወደው ወዳጆቹ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ማወቅን ነው። በዓመት አንድ ቀን ብቅ ብሎ የሚጠፋው ሽማግሌ ሌላውን ጊዜ ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ ከታወቀ፣ የተበታተኑት በዓላት አንድ መንደር ይሆናሉ። ገናን ሁለት ጊዜ ለሚያከብር ልጅ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል። በታኅሣሥ 16 እና በታኅሣሥ 29 መካከል 13 ቀን አለ፤ ያንን ክፍተት የሚሻገርለት አንድም ሰው የለም።

ከሐበሻው ወገን ማን ይሻገር? እዚህ ላይ ነው የወላጆች ቅሬታ ጉዱ የሚወጣው። ሳንታን የሚረግሙ ወላጆች ለልጃቸው ያቀረቡት ዶሮ ወጥ፣ ድፎ ዳቦና ነጠላ ነው። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ይህ ሁሉ ሞልቷል። ምግቡና ልብሱ ግን የአዋቂዎች በዓል ነው፤ ልጁ ተጋባዥ እንግዳ ነው። የልጆች የራሳቸው የነበረው ቡሄ ሳይቀር፣ ደጅ ለደጅ እየጨፈሩ ሙልሙል መቀበሉ ቀርቶ፣ አዋቂ በሰዓት የሚያስጀምረውና የሚያስጨርሰው ዝግጅት ሆኗል። ልጁ ደጅ የሚያንኳኳው በሃሎዊን ነው።

ገጸ ባሕርይ ጠፍቶ ግን አይደለም። አያ ጅቦ፣ እመት ጦጢትና አያ አንበሶ ፊልም ሳይኖር ጀምሮ በአንድ ዓለም ሲኖሩ የኖሩ ናቸው። ዛሬ ማታ በሆዱ ምክንያት ገደል የገባው አያ ጅቦ ነገ ማታ በሌላ ተረት ሆዱን ይዞ ይመጣል፤ ልጅም ሞቶ አልነበር ወይ ብሎ አይከራከርም። ሩዶልፍ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በታየበት በዚያው 1964 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ፤ አባባ ተስፋዬም ይህንኑ የእንስሳት መንደር ለብዙ አሥርት ዓመታት በየቤቱ አስገቡት። በዚያ ፕሮግራም ያደጉ ወላጆች ናቸው ዛሬ ቶሮንቶ ተቀምጠው «ልጆቻችን ተወሰዱ» የሚሉት። አያ ጅቦን አውሮፕላን ላይ ያላሳፈሩት እነሱ ናቸው።

ሳንታን ጋቢ ማልበስ መፍትሔ የሚመስላቸውም አሉ። ጋቢ የለበሰ ሳንታ ያው ሳንታ ነው፤ የተገናኘው ሰው የለም። መገናኘት የሚኖረው ሁለቱም ጠባያቸውን ይዘው ሲመጡ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከሃይማኖት የሚመጣው ነው፦ ገና የጌታ ልደት ነው፣ ተረት አይቀላቀልበት። ተገቢ ስጋት ነው፣ በቀልድ የሚታለፍም አይደለም። ግን አያ ጅቦ መቼም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አያውቅም፤ ቦታው እሳት ዳር ነው። አማርኛም ለዚህ በር ሠርቷል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የመለሰ ልጅ ምን ውስጥ እንደገባ ያውቃል፤ «አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል እንደወጣ ያውቃል። አያ ጅቦ በእርግጥ አለ ብሎ የማለለት ወላጅ የለም። ለሳንታ ግን ይህ በር አልተሠራለትም። ፈረንጁ ወላጅ «እውነት ነው» እያለ ከርሞ፣ ልጁ አንድ ቀን ከክፍል ጓደኛው ሰምቶ ይከፋል። ስለዚህ እምነትና ተረት እንዳይደባለቁ የሚፈራ ሰው ሳንታን ከማባረር ይልቅ በ«ተረት ተረት» በር ቢያስገባው የበለጠ ይጠቅመዋል።

ወሬው ደግሞ ራሱን ያወራል። ታኅሣሥ 15 ሌሊት ነው፣ ዳንፎርዝ በበረዶ ተሸፍኗል። በነፃ የሚሰጥ ሽማግሌ፣ አይቶ የማይጠግብ አያ ጅቦ፣ ደጅ ላይ የታሰሩ ዘጠኝ የሰቡ አጋዘኖች፤ የአንዱ አፍንጫ ደግሞ በጨለማ ከሩቅ ይታያል። እመት ጦጢት ጣሪያ ላይ ሆና ሁሉንም ታያለች። ወላጅ እዚህ ድረስ ካደረሰው የቀረውን ልጁ ራሱ ይቀጥለዋል፤ ሩዶልፍ አፍንጫውን ማጥፋት ይችል እንደሆነ መጠየቁም አይቀርም።