የበረዶው ሰውዬ ሳጉሬ ምን ይሠራል?
ሳጉሬ ከተማ ውስጥ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ የአራቱ ወቅቶች ሥዕል ተለጥፎ አየሁ። «ክረምት» ከሚለው ቃል ሥር አፍንጫው ካሮት የሆነ የበረዶ ሰውዬ ቆሟል። (የእኛ ክረምት ጭቃና ቦቲ ጫማ አይደል እንዴ?) ከመስኮቱ ማዶ ኅዳር ነው፤ ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል። በዕረፍት ሰዓት አንዲት የ5 ዓመት ልጅ ከአጥሩ ሥር ሁለት የገብስ ዛላ ይዛ ገባች፤ አንዱ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ድቡልቡል። ረድፉን በጣቷ እየነካካች ቆጠረች፤ የአንዱ 2፣ የሌላው 6። ባለ 2 ረድፉ ለቢራ ብቅል የሚፈለገው መሆኑን ስታድግ ትደርስበታለች። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የቁጥር ትምህርት የለም፤ ሳንቲምም አያስወጣም። አስተማሪዋ ግን «ጣይው፣ ክፍሉን ታቆሽሺዋለሽ» አለቻት። መምህራን ሆይ፣ እባካችሁ ሰውዬውን አውርዱልንና በቦታው ያንን ዛላ ስቀሉልን።