የጨዋታ መኪና የሰዓት ድንጋይ ስለ መለወጥ

በመቱ ከተማ የምትኖረው እኅቴ በክረምቱ ወራት በስልክ ጠርታ ያሰማችኝ አቤቱታ ይህ ነበር። ልጆችዋ የሚጫወቱበት ፕሌይስቴሽን 2 የተባለው አሮጌ የጨዋታ መኪና መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቍጥር፥ ትናንት ከመደብር እንደ ወጣ ሁሉ፥ ቋንቋውንና ቀኑን ሰዓቱንም እንደ ገና ሙሉልኝ እያለ ያስቸግራል። እኅቴም «አእምሮውን ስቶአልና ልጥለው ነው» አለች። እኔም በጥቅምት ወር ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ ከፍቼ እስካየው ድረስ እንድትታገሠኝ ለመንኋት።

መኪናው አእምሮውን አልሳተም፤ የሳተው ሰዓቱን ነው። በውስጡ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ትንሽ መስተዋት መሳይ ድንጋይ አለች። ይህ ቍጥር 15 ጊዜ በሁለት ሲከፈል አንድ ይሆናልና መኪናው ሴኮንዱን የሚቈጥረው በዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ ቈጠራው እንዳይቆም የሚያደርገው ግን ሌላ ነው፤ እርሱም ሲ አር 2032 የሚባለው ክብ የባትሪ ድንጋይ ነው። ቍጥሩም ልኩን ይናገራል፤ ወርዱ 20 ሚሊሜትር፥ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ ኃይሉም 3 ቮልት ነው። ሰዓቱ የሚወስደው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ድንጋዩ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ለዘለዓለም ግን አይደለም። ይህ መኪና በጃፓን አገር መሸጥ የዠመረው የካቲት 25 ቀን 1992 ዓ.ም. ሲሆን ሥራው የቆመው በ2005 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው ሁሉ ያረጀ ነው።

ድንጋዩን ከመንቀል በፊት ምን ምን እንደሚጠብቅ ማወቅ ይገባል። በፕሌይስቴሽን 2 ልጆች የደረሱበት የጨዋታ ደረጃ የሚቀመጠው ሜሞሪ ካርድ በሚባለው ላይ ነው፤ እርሱም ያለ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ድንጋዩ ቢነቀል የሚጠፋ ነገር የለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሴጋ ሳተርን ግን እንዲህ አይደለም፤ በሆዱ የያዘውን ሁሉ የሚጠብቅለት ይኸው ድንጋይ ስለ ሆነ፥ ድንጋዩ ሲሞት የልጁ የብዙ ወራት ድካም አብሮ ይጠፋል። ድሪምካስት የሚባለው ደግሞ ድንጋዩን ራሱ እየሞላ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ በፋንታው እንደ ገና የሚሞላውን ኤም ኤል 2032 እንጂ ተራውን ሲ አር 2032 ማግባት አደጋ አለበት።

ከእጅ ሰዓት ጠጋኝ አዲስ ድንጋይ ገዝተን ገመዱን ከሶኬት ነቀልን፤ ብሎኖቹንም በካቻቢቴ ፈትተን በስኒ ማስቀመጫ ላይ በተራ ደረደርናቸው። የድንጋዩ ሥፍራ እንደ መኪናው ስሪት ይለያያል፤ አንዳንዱ በማቀፊያ ተቀምጦ ይገኛል፥ አንዳንዱም በሽቦ በብየዳ የተያያዘ ነው። የኛው በማቀፊያ ነበረና የመደመር ምልክቱ ወዴት እንደሚያይ ልብ ብለን በእንጨት ስንጥር አነሣነው፤ ቢላዋ ሁለቱን ወገን አገናኝቶ ያበላሻልና። የተበየደ ቢሆን ኖሮ ለራዲዮ ጠጋኝ እሰጠው ነበር፤ ድንጋይን በቀጥታ በብየዳ ማጋል ሊያፈነዳው ይችላልና። የኢሉባቦር ዝናብና እርጥበት የታወቀ ነው፤ የማቀፊያው ብረት ዝጎ ስላገኘነው በአልኮል በነከርነው ጨርቅ ጠረግነው።

በዚህ መካከል ነው ያስደነገጠን ነገር የሆነው። የሞተውን ድንጋይ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ትቼው ነበር፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ሁለት ዓመት የሆናት ታናሺቱ ልጅ አንሥታ ወደ አፍዋ ስታቀርበው እናትዋ እጅዋን ያዘቻት።

ክቡራን ወላጆች ሆይ፤ ይህ ድንጋይ ሰዓት ለማስቆጠር ደከመ ማለት ጨርሶ ሞተ ማለት አይደለም። በሕፃን ጉሮሮ ቢሰነቀር፥ በምራቅ አማካይነት የሚተላለፈው ኃይል ሥጋን የሚበላ ፈሳሽ ይፈጥራል፤ በ2 ሰዓት ውስጥም ጉሮሮን ክፉኛ ያቃጥላል። ሕፃኑ ሲውጠው ያየ ሰው ባይኖር እንኳ ጥርጣሬው ይበቃል። ማስታወክ አይገባም፤ በሆዱ ያልፍ ይሆናል ብሎ መጠበቅም አይገባም፤ በራጅ እንዲታይ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። በመቱ ያለ ሰው ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ያድርሰው፤ በጎሬ ወይም በያዮ ያለውም መንገዱን ሳይውል ሳያድር ይዠምር።

በመንገድም ሳሉ የሚደረግ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ማር ነው። በ2010 ዓ.ም. የታተመ የሐኪሞች ምርምር በእንስሳት ላይ ተፈትኖ ማር የድንጋዩን ቃጠሎ እንደሚቀንስ አሳይቶአል። ስለዚህ ልጁ ዓመት ያለፈው ከሆነ፥ ከዋጠም 12 ሰዓት ያልሞላው ከሆነ፥ መዋጥም የሚችል ከሆነ፥ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር፥ ከ6 ጊዜ ሳያልፍ ይሰጠዋል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ማር በየጓዳው በሚገኝበት በኢሉባቦር ይህን ማድረግ አይከብድም፤ ሆኖም ማር ያዘገየዋል እንጂ አያድነውምና ማር ፍለጋ ብሎ ጕዞውን ማቆየት አይገባም።

የሞተውን ድንጋይ በሁለቱም ወገን በፕላስተር ጠቅልለን ልጅ ከማይደርስበት ከቁም ሣጥን ላይ ካኖርነው በኋላ መኪናውን ገጠምነው። ሰዓቱን ስንሞላ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። እኔ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን ስል፥ ትልቁ ልጅ «አጎቴ፥ በቤታችን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ለምን 20 ሰዓት ይበል?» አለኝ። መልስ አጣሁና የኛን ሰዓትና የኛን ዓመተ ምሕረት ሞላ። መኪናው ግን ጥቅምት 30ን አይቀበልም፤ በፈረንጆች ሁለተኛ ወር 30 የሚባል ቀን የለምና። ዐሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩንም አያውቅም። ልጁም ጳጉሜን ሲደርስ እንደ ገና እሞላዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኛል።