«አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም

በድረ ገጽ ሠሪዎች ዘንድ ክርክሩ ያለቀ ይመስላል፦ የብራውዘሩን ስም አትጠይቅ፤ የምትፈልገው ችሎታ እንዳለው ጠይቀው፤ በዚህም ጉዳዩ ይዘጋል።

የመጀመሪያውን ግማሽ እቀበላለሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም የብራውዘርን ስም የሚያወጣው ገበያ ነው። ክሮም ዛሬም ራሱን ሲያስተዋውቅ «ሞዚላ» ብሎ ጀምሮ «ሳፋሪ»ንም ይጨምራል። ኦፔራ በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 10ኛ እትሙን ሲያወጣ «9.80 ነኝ» ያለው፣ የመጀመሪያዋን አኃዝ ብቻ የሚያነቡ ገጾች 10ን እንደ 1 ስለቆጠሩበት ነው።

ችግሩ ያለው «በዚህም ጉዳዩ ይዘጋል» የሚለው ላይ ነው። «ችሎታው አለህ?» ሲባል የሚመልሰው ያው ብራውዘሩ ነው፤ «አዎ» ሲልም አጻጻፉ ትክክል ነው ማለቱ እንጂ ሥራውን ይወጣዋል ማለት ላይሆን ይችላል።

ለምሳሌ፣ የዝርዝር ተራ ቁጥር በ፩፣ ፪፣ ፫ እንዲወጣ የሚያዝ «ኢትዮፒክ ኑመሪክ» የሚባል የሲኤስኤስ ስልት አለ። ብራውዘሩ ያውቀው እንደሆነ «ሰፖርትስ» በተባለው መጠይቅ እንጠይቅ። ገጽ ሠሪው የራሱን የቁጥር ስልት ፈጥሮ ስም እንዲሰጥ ስለተፈቀደለት፣ አዳዲሶቹ ብራውዘሮች ለየትኛውም ስም «አዎ» ይላሉ። «ሽሮ» የሚባል ስልት ትደግፋለህ ወይ ቢባሉም መልሳቸው ያው ነው! ስልቱን የማያውቀው ብራውዘር ግን ምንም ስህተት ሳያሳይ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ይቆጥራል።

የጃቫስክሪፕት የቀን አጻጻፍም እንዲሁ ነው። በአማርኛ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፍ ሲባል አቆጣጠሩን የማያውቅ ብራውዘር አያጉረመርምም፤ «ሴፕቴምበር 11፣ 2024» ብሎ ሊያስረክብ ይችላል። የቀን መጻፊያው መሣሪያ መኖሩን ብቻ የጠየቀ ገጽ ፈተናውን አልፏል፤ አንባቢው ግን የፈለገው መስከረም 1 ቀን 2017ን ነበር።

«እነዚህ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ናቸው» የሚሉ ይኖራሉ። በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ ልክ ናቸው፤ ብራውዘሩ ሳይችል ቀርቶ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚያርፈው አንባቢው በለመደው ቁጥርና ቀን ላይ ነውና። የአማርኛ አንባቢ ግን የሚጎዳው እዚያው ላይ ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ውጤቱ ነው። ለቀኑ መንገዱ ቀላል ነው፦ መሣሪያው በየትኛው አቆጣጠር እንደሠራ ራሱ ይናገራል፤ ወይም መልሱ የታወቀ አንድ ቀን ሰጥቶ ማስተያየት ይቻላል፤ የሰዓት ክልል ቀኑን እንዳያዛባው ሰዓቱን እኩለ ቀን ማድረግ ይሻላል። የዝርዝሩ ቁጥር ግን በስክሪፕት በቀጥታ ስለማይነበብ፣ አንባቢዎች በሚይዟቸው ስልኮች ላይ ገጹን ከፍቶ በዓይን ማየት የግድ ነው።