ፍተሻው ከሱቁ በር ላይ እንዳይቀር

እንደሚታወቀው በረጃፍም ሆነ በጁባ ገበያ የምንገዛው ዱቄትና ዘይት አብዛኛው ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል በመኪና የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የደቡብ ሱዳን የደረጃዎች መሥሪያ ቤት አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ አለበት ብሎ በቆሎ የጫኑ በርካታ መኪናዎችን ድንበር ላይ አግዶ ነበር። ይህ መርዝ ቢበስልም አይጠፋም፤ በ2004 ኬንያ ውስጥ 125 ሰው ገድሏል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ነጋዴን ማስቸገሪያ ነው ብለን አናልፈውም።

ሆኖም ግን ተቆጣጣሪ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቀን ነው። እኛ ስደተኞች ደግሞ ሙሉ ካርቶን መግዣ የለንም። ዘይቱን በፌስታል፣ ስኳሩን በኩባያ ነው የምንገዛው። ዕቃው ሲቸረቸር ቀኑ ካርቶኑ ላይ ይቀራል፤ ካርቶኑም ይጣላል። ያኔ ጊዜው ያለፈበትን ከደህናው በምን እንለየው?

የውሃውም ጉዳይ አለ። ኮሌራ በ2014 ጁባን መትቷል፤ በጥቅምት 2024 ደግሞ መጀመሪያ ሬንክ ላይ ታወጀ፣ ቀጥሎ ጁባ ደረሰ። ኮሌራን ቀን በማየት አንከላከለውም፤ በቆሸሸ ውሃና ባልታጠበ እጅ ነው የሚመጣው።

አንዳንዶቻችን «ሱቁ ይዘጋ» እንላለን። መዝጋት ብቻውን ግን ዕቃውን ወደ ጓሮ ያሸሸዋል፣ ዋጋም ያስወድዳል። ባለሱቁ ዕቃው እስኪያልቅ ካርቶኑን ያስቀምጥ፣ እጅ መታጠቢያም በር ላይ ያኑር። እኛም «እስቲ ካርቶኑን አሳየን» ማለትን አንፈር። ረከሰ ብለንም የሻገተ ዱቄት ለልጆች ገንፎ አንግዛ።